አክሪሊክ ይችላል፤ ግን እስከ መቼ?

(በአዳማ ለብረት ሥራና ለማስታወቂያ ሥራ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለምህንድስና ተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር ተጽፎ የተሰናዳ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ይህን ጠረጴዛ እዩልኝ። ሁለት ጡብ አለ። በመካከላቸው 50 ሳንቲም ክፍተት አለ። በላያቸው አንድ ቁራጭ አክሪሊክ፣ ያ መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ፣ ተጋድሟል፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ፣ ስፋቱ 5 ሳንቲም ነው። አሁን መሀሉ ላይ ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቀምጣለሁ። ጎበጠ፣ አያችሁ? ከኋላው ባቆምኩት ማስመሪያ 16 ሚሊ ወርዷል። ፊት ወንበር ላይ ያለሽው እህቴ፣ ሰዓቱንና ልኩን ጻፊልኝ። ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካው አደራ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ አንዲት እናት ለሱቃቸው በር ጥላ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ቆርቆሮ ካደረግክብኝ ሱቁ ይጨልምብኛል" አሉኝ። ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነበር የፈለጉት። ፍሬሙን በቱቦላሬ ሠራን። በየ1 ሜትሩ አንድ አግዳሚ ብረት አስገባን። በላዩ 6 ሚሊ ጥርት ያለ አክሪሊክ አለበስነው። ለውሃ መውረጃ በሜትር 2 ሳንቲም ተዳፋት ሰጠነው። ሥራው ሲያልቅ አንድ የአሸዋ ጆንያ ጭኜ አሥር ደቂቃ አቆየሁት። አልተሰበረም። "እማማ፣ ይችላል" ብያቸው ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ደወሉልኝ። ጥላው ውሃ እየያዘ ነው አሉ። ሄጄ ሳየው በእያንዳንዱ ሁለት ብረት መሀል ሰሌዳው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጉዷል። የተሰነጠቀ ነገር የለም። ብሎኑም አልላላም። ዝናቡ ካባራ ሰዓታት አልፈዋል፤ ውሃው ግን እዚያው ተኝቷል። ማንም ሰው አልወጣበትም፤ የወደቀበት ነገርም የለም። ሰሌዳውን ያጎበጠው የገዛ ክብደቱ ነበር፤ ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ ስለተጫነው።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ማስላት የነበረብኝን ሂሳብ አሰላሁ። ለእናንተም ላሳያችሁ። አክሪሊክ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ 1.19 ግራም ገደማ ይመዝናል። የመስታወት ግማሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ 6 ሚሊ ሰሌዳ በካሬ ሜትር 7 ኪሎ ነው። ቀላል ነው ብለን ደስ የሚለን እዚህ ላይ ነው። ግትርነቱን፣ አልጎብጥም ማለቱን፣ ግን እንይ። መለኪያው ጊጋፓስካል ይባላል። የአረብ ብረት ግትርነት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። የመስታወት 70 ነው። የአክሪሊክ 3 ብቻ ነው። መስታወት ከአክሪሊክ ከሃያ እጥፍ በላይ ይገትራል ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው በዓይን አትለዩዋቸውም፤ እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው።

አሁን 6 ሚሊውን ሰሌዳ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ብረቶች ላይ አስቀምጡት። ምንም አትጫኑበት። በራሱ ክብደት ብቻ መሀሉ 17 ሚሊ ገደማ ይወርዳል። ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ የአክሪሊክ ግትርነት፣ ለብ ባለ አየርና በመጠነኛ ጭነት እንኳ፣ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች እንደወረደ ሆኖ ነው የሚሰላው። ግትርነቱ በግማሽ ሲወርድ መርገቡ እጥፍ ይሆናል። 17 የነበረው 34 ሚሊ ሆነ። የእኔ ተዳፋት በሜትር 20 ሚሊ ብቻ ነበር። ውሃው መውጫ አጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። 3 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ውሃ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ነው። ሰሌዳው ራሱ 7 ኪሎ ነበር። የተኛው ውሃ የሰሌዳውን ክብደት ከአራት እጥፍ በላይ አደረሰ። ሰሌዳው ተጨማሪ ሰረጎደ። ሲሰረጉድ ተጨማሪ ውሃ ያዘ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይባል የለ? እዚህ ላይ ነገሩ ቃል በቃል እውነት ሆነ።

ይህ ቀስ እያለ የሚመጣ መርገብ በምህንድስና ክሪፕ ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ መዳህ ማለት ነው፤ ሕፃን እንደሚድኸው። ጥሩ ስም ነው፤ ምክንያቱም ዓይናችሁን ተክላችሁ ብታዩት አይንቀሳቀስም። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ስታዩት ግን ቦታውን ለቋል።

አያቶቻችን ነገሩን ያውቁታል። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። አዎ፣ ብዙ ሰው አለ። አዲስ የተወጠረ ጠፍር እንደ ከበሮ ይመታል። ከዓመታት በኋላ መሀሉ ይረግባል። ጠፍሩ አልተበጠሰም። ማንም አልዘለለበትም። ሰው ሌሊት ሌሊት ስለተኛበት ብቻ ነው የረገበው። አባወራው እንደገና ይወጥረዋል፤ ነገሩ ያበቃል። አክሪሊክን ግን እንደ ጠፍር እንደገና ልወጥርህ ማለት አይቻልም።

ለምን ይረግባል? አክሪሊክ ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተጠላልፈው የሠሩት ነገር ነው። የተወሳሰበ የጥጥ ፈትል በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡ። ድንገት ብትጎትቱት ተጠላልፎ ይይዛል። በትንሽ ኃይል ለብዙ ጊዜ ብትጎትቱት ግን አንዱ ክር በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይላላል። አክሪሊክም እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ኃይል ሲመጣ ይገትራል። ትንሽም ቢሆን የማይለቅ ኃይል ሲመጣ ግን እጁን ይሰጣል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ለአዳማ ሰው በተለይ። እኛ ስንሠራ መጀመሪያ የምንፈራው ነፋስን ነው። ልክም ነን። ከከተማችን አጠገብ ያሉት ኮረብታዎች የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባቸው በከንቱ አይደለም። አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት ያመነጫሉ። ነፋሱ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ አቧራው ይነግራችኋል። ኃይለኛ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሰሌዳውን ክብደት በብዙ እጥፍ ይጭናል። ይሁን እንጂ ነፋስ መጥቶ ይሄዳል። ግፊቱ ለሴኮንዶች ነው። አክሪሊክ ይወዛወዛል፣ ይመለሳል። ማሰሪያው እስከያዘ ድረስ ያን ያህል አይጎዳውም። የሰሌዳው 7 ኪሎ ግን መቼም አይሄድም። ለክሪፕ ሲሆን ለዓመታት የቆመ 7 ኪሎ ለሴኮንድ ከመጣ 40 ኪሎ ይብሳል። እኔ በጆንያ አሸዋ ለአሥር ደቂቃ የፈተንኩት ነፋሱን ነው እንጂ ጊዜውን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የብረት ሥራ ባለሙያ አቋርጠው ጠየቁኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነበር። "ታዲያ ብረቱም፣ ሲሚንቶውም፣ መስታወቱም አይረግብም ወይ? ለምን አክሪሊክን ብቻ ትወቅሳለህ?" አሉኝ።

ጋሼ፣ ኮንክሪት ይረግባል። እንጨትም ይረግባል። የድሮ ቤት ወራጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ብረት ግን የሚረግበው በብዙ መቶ ዲግሪ ሲግል ነው፤ በእኛ አየር ከጉዳይ አይገባም። መስታወትም በተለመደው ሙቀት አይፈስም። የድሮ መስኮት መስታወት ወደ ታች ፈስሶ ግርጌው ወፈረ የሚባለው ወሬ ስህተት ነው፤ ድሮ ሲሠራ ነው ውፍረቱ ያልተስተካከለው። በአክሪሊክ ልዩ የሆነው ይህ ነው፦ ለመለስለስ ከሚጀምርበት ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ነው የምንሠራበት። አክሪሊክ ከመስታወትነት ወደ ጎማነት የሚለወጠው 105 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብረት ከሚቀልጥበት ሺህ ከምናምን ዲግሪ ጋር አወዳድሩት።

ሙቀት ስናነሳ እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ከተማ ጉዳይ ስለሆነ። ማር ታውቃላችሁ። በጠዋት ብርድ ከማንኪያ አልወርድ ይላል። ፀሐይ ላይ ሲውል ይፈሳል። ክሪፕም እንደዚያው በሙቀት ይፈጥናል። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ባለ አየር ለዓመታት የቆየ ሰሌዳ አዳማ ፀሐይ ላይ በአጭር ጊዜ ተመሳሳይ መርገብ ሊያሳይ ይችላል። ደግሞ የአየሩ ሙቀትና የሰሌዳው ሙቀት አንድ አይደሉም። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ አክሪሊክ እኩለ ቀን ላይ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ይግላል። በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቁታላችሁ። ከውስጥ መብራት ያለበት ማስታወቂያ ሲሆን ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይሞቃል። ስለዚህ ከአምራቹ የምታገኙት የጥንካሬ ሠንጠረዥ በ23 ዲግሪ የተለካ መሆኑን ሁልጊዜ ልብ በሉ። የቀን አዳማ 23 ዲግሪ አይደለችም።

ወደ ጥንካሬው እንሂድ። አክሪሊክን በማሽን ጎትታችሁ ብትበጥሱት 70 ሜጋፓስካል ገደማ ይችላል። አንድ ሜጋፓስካል በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ገደማ ነው። 70 ሲባል ሰው ይገረማል፤ "ኧረ ይኼማ እንደ ብረት ነው" ይላል። ግን ይህ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሙከራ ነው። ለዓመታት ለሚቆም ጭነት የሚመከረው ከ5 እስከ 10 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ከሰባቱ አንዱ፣ ወይም ከአሥራ አራቱ አንዱ ማለት ነው። የቀረው ወዴት ሄደ? ጊዜ በላው።

በዚህ ጉዳይ በጣም የማደንቀው ሥራ ያለው ቻይና ውስጥ ከመሬት በታች 700 ሜትር ላይ ነው። ጁኖ የሚባል የኒውትሪኖ መመልከቻ ነው። ኒውትሪኖ ማለት በሁሉም ነገር ውስጥ ሰንጥቃ የምታልፍ ጥቃቅን ቅንጣት ናት። እሷን ለመያዝ 35.4 ሜትር ዲያሜትር ያለው የአክሪሊክ ኳስ ሠሩ። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ያህል ቁመት ያለው ኳስ አስቡ። ውፍረቱ 12 ሳንቲም ነው። ከ260 በላይ ሰሌዳዎችን አንድ በአንድ አጣብቀው ነው የገነቡት። ውስጡ 20 ሺህ ቶን ፈሳሽ ይይዛል። እነዚህ ሰዎች 70 የሚችለውን ነገር በስንት ገደቡት መሰላችሁ? በ3.5 ሜጋፓስካል። ምክንያቱም ኳሱ ለ20 ዓመት መቆም አለበት። ገንዘብም፣ እውቀትም፣ ላቦራቶሪም ያላቸው ሰዎች ከሃያ አንድ እጅ ብቻ ነው የተጠቀሙት። እኔ ደግሞ በጆንያ አሸዋ ነበር የማረጋግጠው። ይህን ሳስብ አሁንም ያሳስበኛል።

ሌላው ጃፓን ኦኪናዋ ያለው ትልቅ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲከፈት የፊቱ መስኮት 22.5 ሜትር ርዝመት፣ 8.2 ሜትር ቁመት ነበረው። ውፍረቱ 60 ሳንቲም ነው። ግድግዳ ሳይሆን መስኮት ነው የምላችሁ። እንዲህ የወፈረው ውሃ እንደ ነፋስ ስላልሆነ ነው። ውሃ ሌሊትም ይገፋል፣ በዓልም ይገፋል።

መገጣጠሚያ ላይ ግን ሁሌም ስጋት አለ። በርሊን ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አኳዶም የሚባል 14 ሜትር ቁመት ያለው የአክሪሊክ ገንዳ ነበር። ውስጡ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ነበረው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2022 ሊነጋጋ ሲል በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አዳራሹ በሰው የሚሞላበት ሰዓት አልነበረም። ምርመራው አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አላስቀመጠም። ከተነሱት ግምቶች አንዱ የተጣበቀበት መገጣጠሚያ መልቀቁ ነው። እኛ ማጣበቂያ ቀብተን በሰዓቱ "ያዘ" የምንለው ነገርም እንደ ሰሌዳው ሁሉ ዕድሜው ይቆጠራል።

በጣሪያ በኩል ጀርመን ሙኒክ ያለውን የኦሎምፒክ ፓርክ፣ ስታዲየሙንና አጠገቡ ያሉትን አዳራሾች፣ ማንሳት አለብኝ። የእ.ኤ.አ. 1972ቱ ነው። ወደ 75 ሺህ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጣሪያ በብረት ገመድ መረብ ላይ ተዘርግቶ በአክሪሊክ ተሸፈነ። ሰሌዳዎቹ በየጎናቸው 3 ሜትር ገደማ፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ብቻ ነበር። ከእኔ 6 ሚሊ እንኳ ይሳሳሉ! ታዲያ እንዴት ቆሙ? ሸክሙን የያዘው የገመዱ መረብ ነው። አክሪሊኩ በመረቡ ላይ ተንተርሶ ዝናብ ብቻ ነው የሚመልሰው። በሰሌዳዎቹ መካከል ደግሞ የጎማ ማያያዣ ነበር፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን እንዳይጎትት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሰሌዳዎቹ ተቀይረዋል።

የሙኒክን ሐሳብ ወደ ሱቅ ጥላ ማምጣት ይቻላል። ብረቱ ይሸከም፤ አክሪሊኩ ይሸፍን። ከዚያ ክፍተቱን አሳጥሩ። ስለ ክፍተት አንድ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍተቱ በግማሽ ሲያጥር መርገቡ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። 1 ሜትር ላይ 17 ሚሊ የረገበው ሰሌዳ 50 ሳንቲም ላይ 1 ሚሊ ብቻ ነው የሚረግበው። ከ6 ሚሊ ወደ 10 ሚሊ ብታወፍሩት ግን 17ቱ ወደ 6 ነው የሚወርደው። የትኛው ይረክሳል? አንድ ተጨማሪ ቱቦላሬ ወይስ 10 ሚሊ አክሪሊክ? ዋጋውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ቅርጹን መቀየር ነው። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ለክሪፕ በጣም ይመቻል። ቅስት ወይም ጉልላት ግን ክብደቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ውሃም አይተኛበትም። ሰሌዳን ሳታሞቁ በእጅ አጉብጣችሁ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ግን የቅስቱ ሬዲየስ ቢያንስ የውፍረቱ 330 እጥፍ ይሁን። ለ3 ሚሊ 1 ሜትር፣ ለ6 ሚሊ 2 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ካጠበባችሁት ሰሌዳው ገና ሳይሰቀል ተጨናንቋል። ጠበብ ያለ ቅስት ከፈለጋችሁ በምድጃ አሙቃችሁ ቅረጹት። እስከ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ቅርጹን ይቀበላል፤ ቀስ ብሎ ሲበርድም ጭንቀቱ አብሮት ይወጣል።

ብሎኑን በተመለከተ አጠር ላድርግ። አክሪሊክ በሙቀት ከብረት ስድስት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። የ2 ሜትር ሰሌዳ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲቀያየር ከ4 ሚሊ በላይ ይረዝማል፤ ብረቱ 1 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ይበል። ሰፊ ሮንዴላና ጎማ ከሥሩ አስገቡ። አጥብቃችሁ አትሰሩት። አንደኛ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ በብሎን የተጨቆነ አክሪሊክም ይድሃል፤ ዛሬ ያጠበቃችሁት ከወራት በኋላ ራሱ ላልቶ ታገኙታላችሁ።

ሳልናገር የማልወርደው ስለ ጽዳት ነው። ብዙ ጊዜ የምናየው የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብር የሚያብለጨልጨው፣ ከየት እንደመጣ ሰው አይገባውም። የሚመጣው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ሰሌዳና ኬሚካል። የተጨናነቀ አክሪሊክ በአልኮል፣ በቲነር ወይም በአሴቶን ስትወለውሉ ያ ስንጥቅ ይወጣል። የመስታወት ማጽጃ ብዙዎቹም አሞኒያ ወይም አልኮል አላቸው። ተለጣፊ ፊልም ስትልጡ የቀረውን ሙጫ በቲነር የምታነሱ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጨርቁም ለስላሳ ይሁን።

እሳትንም አትርሱ። ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ለእ.ኤ.አ. 1967ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ትልቁ ጉልላት በአክሪሊክ የተሸፈነ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1976 በጥገና ላይ ሳለ እሳት ተነሳና የአክሪሊኩ ልብስ በሙሉ ተቃጠለ። የብረቱ አጽም ብቻ ቀረ። አክሪሊክ ከተሰቀለ በኋላ ከጎኑ ብየዳ አይበየድም። ፍሬሙን በይዳችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ጨርሱ፤ አክሪሊኩ መጨረሻ ይምጣ።

እና ጋሼ፣ ታዲያ መስታወት አይሻልም ወይ ብትሉኝ፣ ለብዙ ጠፍጣፋ ሥራ አዎ፣ የተነባበረ የደኅንነት መስታወት ይሻላል። ይከብዳል፣ ይወደዳል፤ ግን አይረግብም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌላው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ደግሞ ለመሰበር ከአክሪሊክ እጅግ ይጠነክራል። ግትርነቱ ግን ከአክሪሊክም ያንሳል፤ እሱም ይረግባል። እኔ አክሪሊክን ዛሬም እሠራበታለሁ። 92 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል። ፀሐይ ቶሎ አያቢጫውም። እንደዚያ ያለ ጥራት ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

የእማማን ጥላ ነገር ሳልጨርስ። በራሴ ወጪ አፈረስኩት። በየክፍተቱ መሀል አንድ አንድ ብረት ጨመርኩ። ተዳፋቱን በሜትር 10 ሳንቲም አደረግኩት። አዲስ ሰሌዳ አለበስኩት። አምስት ክረምት አልፎታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ክር ወጥሬ ከመሀሉ እለካዋለሁ፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ይጠብቁኛል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። እህቴ፣ ስንት ሆነ? 17 ተኩል። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልነካውም። ሃይላንዱ ላይ አንድ ጠብታ አልጨመርንም።

ክሪፕ ጊዜን የሚቆጥረው በአሥር እጥፍ ነው። ከ1 ደቂቃ እስከ 10፣ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1,000 ደቂቃ የሚረግበው በግምት ይቀራረባል። 10,000 ደቂቃ አንድ ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አንድ ሚሊዮን ደቂቃ ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ የእማማ ጥላ የቆየበት ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ልክ ይዛችሁ በወረቀት ላይ መስመሩን ብታስረዝሙት የሁለት ዓመቱን ቀድማችሁ ትገምታላችሁ። ፀሐይ ላይ ከሚሰቀል ደግሞ ፀሐይ ላይ ለኩት።

ይህን ጡብና ሃይላንድ አላነሳውም። የአዳራሹን ጥበቃ አስፈቅጃለሁ። ሰፈራችሁ ቅርብ የሆነ ነገ በዚሁ ሰዓት መጥታችሁ ለኩ፤ ወረቀቱ ጎኑ አለ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። በሳምንቱ እኔ መጥቼ ጠርሙሱን አነሳለሁ። ያን ጊዜም ቶሎ አትሂዱ። ሰሌዳው ወዲያው አይቃናም፤ አብዛኛውን ወዲያው ይመልሳል፣ የቀረውን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመልሳል። እሱንም እንጽፈዋለን።